ሩማቶይድ አርትራይተስ የተደበቀ ኢንፌክሽን ነው? ሜቶትሬክሴት ለማቆም ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂዋ ጉዳይ ባጭሩ እንዲህ ነው። የ41 ዓመት ሴት ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሰባት ወር ሆኗል፤ ይህን ጥቃት የሚያበርደውን ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን መውሰድ ከጀመሩ ደግሞ አሥር ሳምንት። እጃቸው ትንሽ ቢሻላቸውም ጠዋት ጠዋት አሁንም እንደ ታሰረ ነው፤ መድኃኒቱን በወሰዱ ማግስት ያቅለሸልሻቸዋል። የአክስታቸው ልጅ «ሰውነት ራሱን ያጠቃል የሚባለው ተረት ነው። መገጣጠሚያሽ ውስጥ ተሕዋስ ተደብቋል፤ የሐኪሞቹ መድኃኒት መከላከያሽን አዳክሞ ተሕዋሱን ያፈላዋል» ትላቸዋለች። ያመጣችላቸው ዕቅድ ሜቶትሬክሴቱን ትተው ለስድስት ወር ዶክሲሳይክሊንና ባክትሪም የተባሉ አንቲባዮቲኮችን እንዲውጡ፣ ከዚያ ጋር «ደም የሚያጠራ» የዕፅዋት ካፕሱል እንዲወስዱ ነው። ሕመሙ ቢብስ ደግሞ «ተሕዋሱ እየሞተ ነው ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ» ብላቸዋለች። ጥያቄያቸው፦ «ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ውሸት ነው ወይስ እውነት አለበት? ለሁለት ወር ብሞክረውስ ምን እጎዳለሁ?»

ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ባክትሪምን፣ ኮትሪሞክሳዞል በሚል ስምም ይሸጣል፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር በፍጹም አይውሰዱ። ሁለቱም ሕዋሳት ፎሊክ አሲድን የሚጠቀሙበትን መንገድ ይዘጋሉ፤ በዚያ ላይ ባክትሪም ሜቶትሬክሴት በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ መቅኔ ደም ማምረቱን ሊያቆም ይችላል። አፍ በቁስል ይሞላል፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይወርዳል፣ ከዚያ ተራ ኢንፌክሽን እንኳ ሰው ይገድላል። የሞቱ ሰዎች አሉ። «ሜቶትሬክሴቱን አቁሜ ነው የምጀምረው» ቢሉም አደጋው ወዲያው አይወገድም፤ መድኃኒቱ ከደም ቶሎ ቢጠፋም ሕዋሳት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። የአክስትዎ ልጅ ይህን ዕቅድ ያመጣችው ለእርስዎ አዝና እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን እባክዎ የባክትሪሙን ነገር ዛሬውኑ ይተዉት። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሆነ ለሌላ ነገር ማንም ሐኪም ቢያዝልዎ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» ብለው ይንገሩት።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ውሸት ነው» ብዬ ባልፈው እርስዎንም እውነቱንም እበድላለሁ። ሐሳቡ ከሕክምናው ዓለም ውጭ የተፈለሰፈ አይደለም። ራሳችን ሐኪሞቹ ለአሥርት ዓመታት አምነንበት፣ አክመንበት፣ ሰውም ጎድተንበት የተውነው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቺካጎው ፍራንክ ቢሊንግስና ተከታዮቹ ጥርስ ሥር ወይም ቶንሲል ውስጥ የተደበቀ ኢንፌክሽን በደም እየተሰራጨ መገጣጠሚያን ያሳብጣል ብለው ያስተምሩ ነበር። በዚህ እምነት የስንትና ስንት ሰው ጤነኛ ጥርስ ተነቀለ፣ ቶንሲል ወጣ። ኒው ጀርሲ ውስጥ የትሬንተን የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ኮተን የአእምሮ ሕመምም ከዚሁ ይመጣል ብሎ ከጥርስ አልፎ ትልቁን አንጀት እስከ ማውጣት ደረሰ፤ ብዙ ሕሙማኑ በቀዶ ጥገናው ምክንያት ሞቱ። ሩማቶይድ አርትራይተስን በተመለከተ ለሐሳቡ ከባዱን ምት የሰነዘረው ራሱ ቀድሞ የደገፈው ሰው ነው። ራስል ሴሲል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከነዚህ ሕሙማን ደም ስትሬፕቶኮከስ አገኘሁ ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። በ1938 ግን ከአንጀቫይን ጋር የ200 ሕሙማንን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ጥርስና ቶንሲል ማውጣቱ በሽታውን እንዳላቆመው በግልጽ አሳወቀ።

የሚገርመው ግን ከዚያው የተሳሳተ ሐሳብ ዛሬም የምንጠቀምበት መድኃኒት መውጣቱ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ፎሬስቲዬ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለሩማቶይድ ወርቅ ያለበት መርፌ የሰጠው በሽታው ከቲቢ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ነው፤ ወርቅ ለቲቢ ይሞከር ነበርና። ወርቁ አንዳንዶችን በእርግጥ ረዳ፤ ቲቢ ስለነበረባቸው ግን አይደለም። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትዝ ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተሕዋስ ገዳይ ሰልፋን ከአስፕሪን ዘመድ ጋር አጣምራ ሰልፋሳላዚንን አሠራች፤ እሷም ያሰበችው ተሕዋስ ለመግደል ነበር። ሰልፋሳላዚን ዛሬም ማዘዣዬ ላይ አለ። ዛሬ ለሩማቶይድ የምንሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የወባ መድኃኒት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ «አንቲባዮቲክ ወስዳ ተሻላት» የሚል ምስክርነት ሲሰሙ ተናጋሪዋ ዋሽታለች ብዬ አልነሣም። አንድ መድኃኒት ተሕዋስ ከመግደል ሌላ ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ይህ በአግባቡ ተፈትኗል። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ማክፈርሰን ብራውን ሩማቶይድ የሚመጣው ማይኮፕላዝማ ከተባለ ተሕዋስ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ በቴትራሳይክሊን ያክም ነበር። የእርስዎ ዘመድ የያዘችው ሐሳብ፣ ምንጩን ባታውቀውም፣ በአብዛኛው ከእሱ የመጣ ነው። በ1995 የታተመ አንድ ጥናት 219 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ሚኖሳይክሊን የተባለውን የቴትራሳይክሊን ዘመድ፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ለ48 ሳምንት ሰጠ። የመገጣጠሚያ እብጠታቸው የተሻላቸው ሚኖሳይክሊን ከወሰዱት 54 በመቶ፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 39 በመቶ ነበሩ። እባክዎ ሁለቱንም ቁጥሮች ያስተውሏቸው። ሚኖሳይክሊን በእርግጥ ጥቂት ረድቷል፤ ይህን የሚክድ ሐኪም ጥናቱን አላነበበም። ግን ምንም መድኃኒት ካልነበረበት ክኒን በኋላም ከአሥር ሰው አራቱ ተሽሏቸዋል። ሚኖሳይክሊን የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንትን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን እንደሚያግድና ብግነትን እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ለጥቅሙ ማብራሪያ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዛሬ በብዛት የማናዝዘው ከሱ የሚሻሉ ስላሉ ነው። በዚያ ላይ አልፎ አልፎ ሉፐስ የተባለውን ራስን የሚያጠቃ በሽታ የሚመስል ሕመም ራሱ ያመጣል።

«ግን የጨጓራ ቁስለትንም ሐኪሞች ተሕዋስ ነው ሲባሉ አልሰማ ብለው ነበር» የሚል ክርክር ይመጣብዎታል፤ ሁሌም ይመጣል። እውነት ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ይዘው ሲቀርቡ ብዙዎች ፊት ነሷቸው። ማርሻል በ1984 ተሕዋሱን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይሁን እንጂ ሙግቱን የቋጨው ጀግንነታቸው አይደለም። ተሕዋሱ ከታመመው ሰው ጨጓራ ወጥቶ በዓይን ታየ፤ ደግሞ ሲገደል ቁስለቱ ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ በፊት ቁስለቱ ሲድን ሲያገረሽ ዓመታት ይፈጅ ነበር። ተሕዋስ የበሽታ ምክንያት ነው ለማለት መለኪያው ይህ ነው፦ ሲጠፋ በሽታው አብሮ ይጠፋል፣ ሳይጠፋ ሲቆይም በሽታው ይቆያል። ሩማቶይድ አርትራይተስን ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ መለኪያ ሞክረነዋል፤ ያለፈ ተሕዋስ የለም።

እዚህ ላይ የአክስትዎ ልጅ የያዘችው እውነት የቱ ጋ እንደሆነ ልንገርዎ። ኢንፌክሽን ራስን በራስ የሚያጠቃ በሽታን *መጀመር* ይችላል። የጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ ያመመው ልጅ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ሊያብጥ፣ ልቡም ሊጎዳ ይችላል፤ የስትሬፕቶኮከሱ ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ለተሕዋሱ የተሠራው አንቲቦዲ ልብንም ይነካል። ካምፓይሎባክተር የሚባለው የተቅማጥ ተሕዋስ በጥቂት ሰዎች ላይ ጊያን ባሬ የተባለውን የነርቭ ሽባነት ያስከትላል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስኳር የነርቮቻችንን ይመስላልና። በ2022 ደግሞ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የጤና መረጃ መርምረው ኤፕስታይን ባር በተባለው ቫይረስ መያዝ መልቲፕል ስክሌሮሲስ በተባለው የአንጎልና የነርቭ በሽታ የመያዝን ዕድል 32 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳዩ። በሩማቶይድም ቢሆን የድድ ተሕዋስ፣ በተለይም ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው፣ የሰውነትን ፕሮቲኖች ለውጦ ለአንቲ ሲሲፒ (በሩማቶይድ ሕሙማን ደም ውስጥ ለሚገኘው ራስን አጥቂ አንቲቦዲ) መነሻ ይሆናል የሚለው ሐሳብ በቁም ነገር እየተጠና ነው። ድድዎን ያስመርምሩ የምልዎትም ለዚህ ነው፤ ምንም ባይሆን ድድዎ ይድናል።

ችግሩ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። በጊያን ባሬ ሽባነቱ ሲመጣ ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ አልፏል፤ ተሕዋሱን መግደል ነርቩን አይመልሰውም። በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ከአዋቂዎች 95 በመቶ ያህሉ የተያዙ ናቸው፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚይዛቸው ግን እጅግ ጥቂቶቹ። በእርስዎም በሽታ አንቲ ሲሲፒ ከመጀመሪያው የጣት ሕመም ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ እርስዎ በታመሙበት ቀን ሰውነትዎ የተሳሳተውን ትምህርት ከተማረ ቆይቷል። ክብሪቱን ረግጦ ማጥፋት የተያያዘውን ቤት አያድነውም። ያስጀመረው አንድ ነገር፣ ያቆየው ሌላ ነገር ነው፤ ሕክምናው የሚያነጣጥረው ያቆየው ላይ ነው።

ሆኖም ሩማቶይድ መስለው የሚመጡ እውነተኛ ኢንፌክሽኖች አሉ፤ እነሱን ሳያጣራ መድኃኒት የሚጀምር ሐኪም አጥፍቷል። ሄፓታይተስ ሲ መገጣጠሚያ ሊያሳምም፣ የአርኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር፣ ሌላው የሩማቶይድ የደም ምልክት) ምርመራንም ፖዚቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ፓርቮ ቫይረስ ቢ19 ሁለት እጅ እኩል ያሳብጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይለቃል። ቲቢ አንድ ጉልበት ወይም አንድ ዳሌ ይዞ ቀስ እያለ ይበላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ዘመድዎን የሚያስደስታት ዊፕል የሚባለው ብርቅ በሽታ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል በ1907 የገለጸው ይህ በሽታ ሆድ ከመታመሙ ከዓመታት በፊት መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሕሙማኑ አርኤፍ የሌለበት ሩማቶይድ ነው ተብለው መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ሲወስዱ ይኖራሉ፣ እየባሰባቸውም ይሄዳል። ምክንያቱ በእርግጥ የተደበቀ ተሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱም በእርግጥ ረጅም የአንቲባዮቲክ ሕክምና ነው። ተሕዋሱ ለረጅም ዘመን በላቦራቶሪ አልበቅል ብሎ ቢያስቸግርም በ1992 በዘረመሉ አማካይነት ማንነቱ ታወቀ። የተደበቀ ተሕዋስ ዱካ ይተዋል፤ የፈለገው ያገኘዋል። የእርስዎ ጉዳይ ይህን አይመስልም፦ ሁለቱም እጅ እኩል፣ ትንንሾቹ የጣት አንጓዎች፣ በጻፉልኝ ውጤት ላይ ከፍ ያለ አንቲ ሲሲፒ። የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ሜቶትሬክሴት ከመጀመርዎ በፊት ተሠርቶልዎ ካልሆነ ግን ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

አሁን በዚህ ሁሉ ውስጥ ከምንም በላይ ወደሚያስፈራኝ ዓረፍተ ነገር ልምጣ፦ «ከባሰብሽ እየሠራ ነው።»

ይህም ከአየር የመጣ አይደለም። አዶልፍ ያሪሽ በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመር ደግሞ በ1902፣ ቂጥኝ በሜርኩሪ ሲታከም የቆዳው ሽፍታ ለጊዜው እንደሚፈላ አስተውለው ጻፉ። ዛሬም ቂጥኝን በፔኒሲሊን፣ ግርሻን በአንቲባዮቲክ ስናክም እናየዋለን፦ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይወጣል፣ ራስ ይፈልጣል። የሚጀምረው መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል። የሚታየውም በተለይ ስፓይሮኬት በሚባሉት ጠምዛዛ ተሕዋስያን ሕክምና ላይ ነው። ለሳምንታትና ለወራት የሚቆይ፣ በየመገጣጠሚያው የሚዞር ሕመም በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። ሩማቶይድ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይብስበታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ያን መባስ «ተሕዋሱ እየሞተ ነው» ብሎ መተርጎም ማስጠንቀቂያውን ከሰውየው ይነጥቃል። አስቡት፦ ከተሻለዎ መድኃኒቱ ሠራ፤ ከባሰብዎ መድኃኒቱ ሠራ፤ ምንም ካልተለወጠ ገና ጊዜ አልሰጡትም። «አልሠራም» የሚባልበት ቀን የለውም። ለማንኛውም ሕክምና፣ ለእኔም ጭምር፣ ይህን ጥያቄ ያቅርቡ፦ በስንተኛው ሳምንት፣ ምን ካላየሁ አልሠራም ብለን እናቆማለን? እኔ መልስ አለኝ። ሜቶትሬክሴት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ መጠኑ በቂ ሆኖ በሦስት ወር የጎላ ለውጥ፣ በስድስት ወር ደግሞ የተቀመጠው ግብ ካልታየ ሌላ እንጨምራለን ወይም እንቀይራለን። የአክስትዎን ልጅ ይጠይቋት።

ረጅም አንቲባዮቲክ ሌላ ቦታም ተሞክሮ ያውቃል። መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም በሽታ ከታከመ በኋላ ድካምና ሕመም ያልለቀቃቸው 280 ሰዎች ኔዘርላንድ ውስጥ ተጠንተው ውጤቱ በ2016 ታተመ። ሁሉም የሁለት ሳምንት የአንቲባዮቲክ መርፌ ወሰዱ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ የ12 ሳምንት አንቲባዮቲክ፣ ሌሎቹ ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ልዩነት አልተገኘም። ሕመማቸው ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህን እንዳይረሱብኝ። «ተሕዋሱ የለም» ማለት «አላመመሽም» ማለት አይደለም፤ ብዙ ሕሙማንን ወደ ሌላ በር የገፋቸው ሐኪም ይህን ሁለት ነገር አንድ አድርጎ ሲናገር ነው።

ስለ ካፕሱሉ። ምን እንዳለበት አላውቅም፤ ሻጩም አይነግርዎትም። ግን ለሩማቶይድ በሦስት ቀን ተአምር የሚሠራ «የዕፅዋት» ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስቴሮይድን ነው። አንዲት ታካሚዬ ጽሑፍ የሌለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ከዚያ የወሰደችው አረንጓዴ ካፕሱል ለወራት ሕመሟን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶላት ነበር። ፊቷ ክብ ሆኗል፣ ክንዷ ላይ ሳትመታ የበለዙ ነጠብጣቦች አሉ፣ ከወንበር ስትነሣ በእጆቿ ትደገፋለች፤ የጭን ጡንቻዋ ሟሟቷል። ስኳሯ ከፍ ብሏል። የጠዋት ኮርቲሶሏን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ስቴሮይድ፣ ስናስለካ ከሞላ ጎደል አልነበረም፦ አድሬናል ዕጢዎቿ ከውጭ ስለሚመጣላቸው ሥራ ፈትተዋል። ወደ እኔ ያመጣትም ካፕሱሉ አልቆባት ለአራት ቀን ስታስመልስና የደም ግፊቷ ሲወርድ ነው። ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ በሚል ስም ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ የተፈጥሮ ተብዬ ክኒኖች ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ እንዳገኘ አስጠንቅቋል፤ ዴክሳሜታሶን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ካፕሱሉን ከሳምንታት በላይ ወስደው ከሆነ በራስዎ በድንገት አያቁሙት፤ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።

ይህ ሁሉ ካልሆነም ምስክርነቶች ለምን እንደሚያሳምኑ ይገባኛል። ሩማቶይድ ይነሣል፣ ይበርዳል፤ ሉፐስም፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስም እንዲሁ። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው በባሰበት ሰሞን ነው፤ ከባሰበት ሰሞን ቀጥሎ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀለል የሚልበት ይመጣል፣ ማንም ምንም ባያደርግ። የዚያ ሰሞን የወሰደው ነገር ክብሩን ይወስዳል። ያልተሻለው ሰው ደግሞ ምስክርነት አይጽፍም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። «መከላከያ የሚያጠነክር» ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ለእርስዎ በሽታ ስሙ ራሱ ተቃራኒ ነው፤ የእርስዎ መከላከያ አልደከመም፣ ተሳስቷል። የብር ውሃ የሚሉት ቆዳን ለዘላለም ግራጫ ሊያደርግ ይችላል፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ማጽጃ ኬሚካል ነው፣ አይጠጣም። ምግብን በተመለከተ ግን በር አልዘጋም። በ1991 የታተመ አነስተኛ የኖርዌይ ጥናት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ጾመው ከዚያ ለዓመት የአትክልት ምግብ የተመገቡ የሩማቶይድ ሕሙማን እንደተሻላቸው አሳይቷል። ጾም ብግነትን ለጊዜው ይቀንሳል፤ ወደ ቀድሞው አመጋገብ ሲመለሱ ሕመሙ ይመለሳል። አትክልት የበዛበት ምግብ መመገብ ከፈለጉ ከመድኃኒቱ ጋር ያድርጉት፤ በሱ ፋንታ አይሁን። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ከበሽታው መነሻዎች መካከል ማስረጃው ከጠነከረላቸው አንዱ ሲጋራ ነው፣ መድኃኒቱ የሚሠራበትንም አቅም ይቀንሳል።

«ሁለት ወር ብሞክርስ?» ላሉት። ሩማቶይድ አጥንት መብላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ የተበላ አጥንት አይመለስም። እርስዎ ሰባተኛ ወርዎ ላይ ነዎት፤ መድኃኒቱም ገና ሥራ በሚጀምርበት አሥረኛ ሳምንት ላይ። አሁን ማቆም ማለት ማቅለሽለሹን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ ጥቅሙ ሊመጣ ሲል መተው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቢመለሱም መድኃኒቱ ሌላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሁለት ወር ያሉት እስከ አምስት ወር ሊሆን ይችላል።

ይልቅ ማቅለሽለሹን እናስተካክለው፤ ለዚህ ብዙ መንገድ አለ። ፎሊክ አሲድ ታዞልዎታል? ካልታዘዘ ይጠይቁ፤ ሜቶትሬክሴት በሚወስዱበት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን ይወሰዳል። ክኒኑን ማታ ከእራት በኋላ ሊወስዱት ይችላሉ። ሐኪምዎ ከፈቀደ የሳምንቱን መጠን በዚያው ዕለት ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ካልሆነም በመርፌ መልክ አለ፤ ብዙዎች ይቀላቸዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ቀኑን ይምረጡና ሳጥኑ ላይ ይጻፉት። በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል።

ለውጡንም በሕመም ብቻ አይለኩት፤ ሕመም በእንቅልፍም በጭንቀትም ይለዋወጣል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለት ነገር ይመዝግቡ። ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ እጅዎ እስኪፈታ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ቀጥሎ ቡጢ ይጨብጡና የእጅዎን ጀርባ ይመልከቱ፤ በአንጓዎቹ መካከል ያሉት ሸለቆዎች ይታያሉ? አንጓው ካበጠ ሸለቆው ይሞላል፣ በጣት ሲጫኑትም ይለሰልሳል። ስንት አንጓ እንዳበጠ ይቁጠሩ። ይህን ወረቀት ብግነትን ከሚለኩት የደም ምርመራዎች፣ ከሲአርፒና ከኢኤስአር፣ ውጤት ጋር አስተያይቼ መድኃኒት እጨምራለሁ ወይም እቀይራለሁ።

ዘመድዎ የፈራችው ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ሜቶትሬክሴት በዚህ መጠን መከላከያን የሚቀንሰው በመጠኑ ቢሆንም ይቀንሳል፤ ወደፊት ባዮሎጂክ የሚባሉት ጠንካራ የሩማቶይድ መድኃኒቶች ከተጨመሩ ደግሞ የተኛ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ ሊነሡ ስለሚችሉ አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ነው። ኢንፌክሽንን መፍራቷን በዚህ መንገድ እንጠቀምበት፦ የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባቶችን ይውሰዱ፤ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸውን ክትባቶች ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱ። የጉበትና የደም ሕዋስ ምርመራዎን ቀን አይዝለሉ። ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩን፤ ሜቶትሬክሴት በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም።

ትኩሳት ከያዘዎት፣ አፍዎ ከቆሰለ፣ ወይም ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ የዚያን ሳምንት ሜቶትሬክሴት ሳይወስዱ በዚያው ዕለት ሐኪም ይዩ። ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ያንን ካፕሱል ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ።